አረጋውያን፣ ድባቴና መርሳት፦ ስለ ንግግር ሕክምና ድሬና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ማዳመጥ ነው፤ ሰውን በመነጋገር ማከም፣ የንግግር ሕክምና የሚባለው። ድሬዳዋ ላይ፣ አንዳንዴም ሐረር፣ ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎችና ከልጆቻቸው ጋር እቀመጣለሁ። የምጠየቀው ክሊኒክ ውስጥ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ እያለሁ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው አልኩ። የምጠቅሳቸው ሰዎች ታሪክ የብዙ ሰው ድምር ነው። ማንም ላይ ጣት አልቀስርም።

እናቴ ዝም ብላለች። እርጅና ነው እንጂ ሕመም ነው እንዴ?

እርጅና ጉልበት ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ያሳጥራል፤ የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ያስቀራል። ደስታን ግን ጠርጎ አይወስድም። ቡና ሲፈላ ቀድመው ይቀመጡ የነበሩ እናት አሁን "እናንተ ጠጡ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ "አረጀች፣ ምን ታድርግ" ብሎ መተው አይገባም። ድባቴ፣ ዲፕሬሽን የሚሉት ሕመም፣ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእኛ አገር አዛውንት "ድባቴ ይዞኛል" ብለው አይመጡም። "ሰውነቴን ያቃጥለኛል"፣ "ራሴን ይወቅረኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ"፣ "ልቤን ይለኛል" ነው የሚሉት። ከፋርማሲ ፋርማሲ የማስታገሻ ኪኒን ሲገዛላቸው ይከርማል። ማንም ሆዳቸው ለምን እንደባሰ አይጠይቃቸውም።

ታዲያ ድባቴ ነው ወይስ የመርሳት በሽታ? በምን ይለያል?

ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። መለያየቱ ለሐኪምም ቀላል አይደለም። ግን ቤት ውስጥ የሚታይ ፍንጭ አለ።

ድባቴ ያለባቸው ሰው መርሳታቸውን ራሳቸው ያወራሉ። "አእምሮዬ ጠፋ" ይላሉ። ጥያቄ ሲጠየቁ ሳይሞክሩት "አላውቅም፣ ተወኝ" ብለው ይዘጋሉ። የመርሳት በሽታ የጀመራቸው ደግሞ መሸፈን ይቀናቸዋል። አንድ የባቡር ጡረተኛን "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው "ለጡረተኛ ሁሉም ቀን እሑድ ነው" ብለው አሳቁኝ። ከሳቅን በኋላ ነው መልሱን እንዳላገኙት የገባኝ። ጊዜውም ይለያል። ድባቴ በሳምንታትና በወራት ይታያል። የመርሳት በሽታ በአብዛኛው በዓመታት ቀስ እያለ ይገባል።

በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከተቀየሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከተቀባዠሩ፣ ቀን ከሌሊት ከተምታታባቸው፣ የንግግር ሕክምና አያስቡ። ትኩሳት፣ ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ወይም የድሬ ሙቀት ያመጣው የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

እግረ መንገድዎን ጆሮና ዓይናቸውን፣ የደም ማነሳቸውን፣ የእንቅርት ሆርሞንና የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸውን ያስመርምሩ። አንዳንዴ "ጃጁ" የተባሉ ሰው ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል የመስማት ችግርን፣ የማየት ችግርንና ድባቴን ቆጥሯል።

የሚረሳ ሰው በንግግር እንዴት ይታከማል? ዛሬ የተባለውን ነገ አያስታውስም እኮ።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። እኔም ስጀምር ራሴን የጠየቅኩት ነው።

ወሬው ቢረሳም ስሜቱ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት አለ። አልዛይመር የሚባለው ዋነኛው የመርሳት በሽታ ላለባቸው 17 ሰዎች አሳዛኝ ፊልም፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አስደሳች ፊልም አሳዩአቸው። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ያዩትን ሲጠየቁ ብዙውን አያስታውሱም። አንዱማ ፊልም ማየቱንም ረስቷል። ሐዘኑ ግን አለ። ፊታቸው ላይም፣ ቃላቸው ላይም አለ። ለምን እንዳዘኑ ሳያውቁ ያዝናሉ።

አሁን ወደ ቤትዎ ይምጡ። ጠዋት "ስንቴ ልንገርህ!" ተብለው የተቆጡ አባት ቁጣውን ይረሱታል። ክፋቱ ግን ቀኑን ሙሉ ይከተላቸዋል። ከሰዓት ላይ "ዛሬ ምን ሆነው ነው የሚያኮርፉት?" ይባላሉ። በተቃራኒውም ያው ነው። ለግማሽ ሰዓት ከልቡ ያዳመጣቸው ሰው ስሙ ይጠፋባቸዋል፤ ቅለቱ አብሯቸው ይውላል።

ሁለተኛው ነገር፣ የማስታወስ ችግር ላለበት ሰው የሚሰጠው ንግግር ለማንም ከሚሰጠው የተለየ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ችግርን ከአቅም ጋር ማስማማት ላይ የቆመ ሕክምና አለ። ባለሙያው ቤት ድረስ ይሄዳል። በሳምንት አንዴ፣ ለ12 ሳምንት። ቤተሰብም ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት 74 አረጋውያን ተካፍለዋል፤ ሁሉም ድባቴም የማሰብና የማስታወስ ችግርም ነበረባቸው። በዚህ መንገድ የታከሙት፣ በማበረታታትና በማዳመጥ ብቻ ከታከሙት ይልቅ ድባቴያቸው ቀንሷል፤ የዕለት ኑሯቸውንም በተሻለ መምራት ችለዋል።

ምስጢሩ እምብዛም የረቀቀ አይደለም። ሰውየው እንዲያስታውስ አይለፋም። ግድግዳው፣ ኪሱ፣ ስልኩና ልጁ ያስታውሱለታል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው? ወሬ ብቻ?

በምሳሌ ልንገርዎ። የድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ሲያወሩ ፈረንሳይኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና አማርኛው ይቀላቀላል። የድሬ ሰው ናቸው አቦ! በየቀኑ ከዚራ ወጥተው ከጓደኛቸው ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን ሲመለሱ መንገድ ጠፋባቸው። አንድ ልጅ እጃቸውን ይዞ ቤት አደረሳቸው። ያን ያህል ዘመን በእግራቸው የኖሩበት ከተማ ላይ! ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጡም። ልጃቸው "አርፈህ ተቀመጥ አባዬ" አለ፤ ለደህንነታቸው ብሎ ነው። በወራት ውስጥ ምግብ ቀነሰ፣ ወሬ ቀነሰ፣ ሬዲዮኑም ተዘጋ።

መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ስንገናኝ ሌላ ነገር አልሠራንም። ያፈሩበትን ቀን ነው ያወራነው። ለልጃቸው አልነገሩትም ነበር። "እንደ ሕፃን እጄን ተያዝኩ" ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ከዚያ ችግሩን አንድ ዓረፍተ ነገር አደረግነው፦ "ሻይ መጠጣት እፈልጋለሁ፤ መመለሻው ያስፈራኛል።" መፍትሔ ደረደርን። ራሳቸው ናቸው የመረጡት። የሚያውቁት አንድ ባጃጅ ነጂ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ይወስዳቸዋል፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐዩ ሳይከር ይመልሳቸዋል። ኪሳቸው ውስጥ ስማቸውና የልጃቸው ስልክ የተጻፈበት ካርድ ገባ። ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ማክሰኞና ሐሙስ በቀይ ተከበቡ። ልጃቸው ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፦ ጠዋት ደውሎ "ዛሬ ቀይ ነው" ማለት።

መርሳታቸው አልዳነም። ሻዩ ግን ተመልሷል። ሻዩ ሲመለስ ምግቡም ተከተለ።

አቀማመጡም የራሱ ዘዴ አለው። የምንገናኘው ጠዋት ነው፤ ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ወጣቱንም ማሰብ ያቅተዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ ከዚያ ዝም ብሎ መልሱን መጠበቅ ነው። ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ዓይነት ነው፣ ያው ወንበር፣ ያው ሰላምታ። መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር በትልቁ ትጻፋለች። ማንበብ ለማይችሉ በራሳቸው ድምፅ ስልክ ላይ እንቀዳታለን። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ከእኔ ምክር ይልቅ ያምኑታል።

አባቴ ስለ ድሮ ብቻ ነው የሚያወራው። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?

በአብዛኛው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ስለዚህ ጽፏል። ያኔ የድሮ ወሬ ማብዛት የመጃጀት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። እሱ ግን ሰው በዕድሜው መጨረሻ ሕይወቱን መልሶ መገምገሙ የተፈጥሮ ሥራ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ትዝታን ለሕክምና መጠቀም ተለመደ።

እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ የሰፉ ሰው ቃል ቢጠፋቸውም ጨርቅ እጃቸው ላይ ሲያስገቡላቸው ጣታቸው ጠርዙን ይፈልጋል። እጅ የሚያስታውሰው ከቃል ትውስታ በሌላ መንገድ ስለሚቀመጥ ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ወሬ ከመጀመሬ በፊት ዕቃ አስይዛለሁ። የስፌት ቀለበት፣ የድሮ ባቡር ትኬት፣ ያላለቀ እንቅብ፣ ያገኘሁትን።

ግን ጥንቃቄ አለው። ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዛሬም ዝናብ ሲያጉረመርም ቁጭ ብለው የሚያድሩ አሉ። እንዲህ ያለው በር ሲከፈት ባለሙያ አጠገብ ቢኖር ይሻላል።

እናቴ የሞተውን አባቴን "የት ሄደ?" ትላለች። ልዋሽ ወይስ እውነቱን ልንገራት?

በየቀኑ መርዶ አያርዷት። በእኛ ባህል መርዶ ራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው። የመርሳት በሽታ ላለባት እናት ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው። ምክንያቱን ትረሳለች፣ ሐዘኑ ግን ይቀራል። ፊልሙን ያስታውሱ።

"ገበያ ሄዷል" ማለትም አልወድም። አንዳንዷ ማታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ታድራለች። እኔ የምለው ከጥያቄው በስተኋላ ያለውን ስሜት ይመልሱ ነው። "ናፈቀሽ እማዬ? እስቲ ስለ እሱ ንገሪኝ። ሲያገባሽ ምን ለብሶ ነበር?" ብዙ ጊዜ የፈለገችው እሱን ማውራት ነው። አጥብቃ "ሞቷል እንዴ?" ካለች፣ አዎን በሉና እጇን ይዛችሁ አብራችሁ አልቅሱ።

እኛ ቤተሰቦች ምን እናበላሻለን?

እየፈተናችሁ ታዋርዳላችሁ። ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ጫማውን ሳያወልቅ "አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ?" ይላል። ሽማግሌው ይርበተበታሉ። ቤቱ ይስቃል። እባካችሁ "እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፣ እንደምን ዋሉ?" ብላችሁ ግቡ።

ሌላው፣ ሁሉን ነገር መቀማት ነው። ሽንኩርት አትክተፊ፣ ውጪ አትውጣ፣ ብር አትያዝ። ሰው ምንም እንዲሠራ ካልተፈቀደለት ምን ደስ ሊለው? ቢላዋው ካሰጋ ሽንኩርቱን እሳቸው ይላጡ።

አባቴ "እብድ ነኝ እንዴ?" ብሎ እምቢ አለ።

"የአእምሮ ሕክምና" አይበሏቸው። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው የለ? "ስለ እንቅልፍዎ የሚያናግርዎ ሰው አለ" ይበሏቸው፤ ውሸት አይደለም። አንዳንዴ "ባለሙያው የድሮውን ባቡር ታሪክ መስማት ይፈልጋል" ሲባሉ ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል።

ጸበል እናስጠምቃት ወይስ ሕክምና? ሼኹ ዘንድ ወስደናቸዋል።

አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጸሎት፣ ዱዓ፣ ወዳጅ ዘመድ መሰብሰቡ ሰውን ያበረታል። የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ የጀመሩት መድኃኒት አይቋረጥ፤ በጾም ሰበብ አቅመ ደካማ ሰው ውኃ አይከልከል። ደግሞ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዓት ለጠፋባቸው ሰው ከግድግዳ ሰዓት ይሻላሉ። ኪኒን ሲዋጥ፣ ሲታጠቡ፣ ሲወጡ ከዚያ ጋር ያገናኙት።

ጫት ይቅማሉ። ላስቁማቸው?

ወዳጄ፣ ድሬና ሐረር ላይ ይህ ጥያቄ ባይመጣ ይገርመኝ ነበር። ጫት ያነቃቃል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣው መጨፍገግ ድባቴ ላለበት ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ መቀነሱ፣ ቢቻል መተው፣ ይሻላል።

ግን በርጫው የቀረቻቸው አንዲት ማኅበራዊ ሕይወት ልትሆን ትችላለች። እሷን ነጥቆ ክፍል ውስጥ መዝጋት ሌላ በሽታ ነው። መጠኑን እናሳንሳለን፣ ሰዓቱን ወደ ቀን እናመጣለን፣ ከመቃም በፊት ምሳ። ከዚያ ጓደኞቻቸውን የሚያገኙበት ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ለሐኪሙም ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ከመድኃኒት ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ።

መድኃኒት ብቻ አይበቃም?

ድባቴው ሲከብድ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ አላጣጥለውም። ግን የመርሳት በሽታና ድባቴ አብረው ሲሆኑ ኪኒን የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። እንግሊዝ ውስጥ በአልዛይመር ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ሁለት የታወቁ የድባቴ መድኃኒቶች መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን አልበለጡም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነ የኮክሬን ግምገማ፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ለእነዚሁ ሰዎች ድባቴን በጥቂቱ ሳይቀንስ እንደማይቀር ያሳያል። በጥቂቱ ነው፤ ተአምር አልሸጥልዎትም።

አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ርካሽ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ካሉ ሐኪሙን ይጠይቁ። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ መርሳትንም ሊያባብስ ይችላል። በራስዎ ግን አያቋርጡት።

በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሻለው?

በልጅነት አፍ በፈቱበት። መርሳት ሲበረታ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ የሚሸሽበት ጊዜ አለ። አማርኛ አቀላጥፈው ይናገሩ የነበሩ እናት በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ ብቻ መመለስ ከጀመሩ "ግራ ገባቸው" አይበሉ። አስተርጓሚ ካስፈለገ የራሳቸው ልጅ ባይሆን እመርጣለሁ። ስለ ልጁ ሊያወሩ ይችላሉ!

የት እንሂድ? ባለሙያ ካላገኘንስ?

ድሬ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው። ከዚያ ይጀምሩ። ወረፋ ይኖራል፤ አዛውንቱን በጠዋት፣ ቁርስ አብልተው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ባለሙያ በቂ አለመሆኑ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ሐራሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የአእምሮ ሐኪም 14 አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ አያቲቱ ትሰማዋለች፣ ችግሩን በታትነው አንዱን ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ይዞ ዘዴው እንደሚሠራ አሳየ። እነሱ ድባቴን የሚጠሩት "ማሰብ መብዛት" ብለው ነው። እኛስ "ሐሳብ አበዛ" አይደል የምንለው? ያ ሥራ ለሚረሱ ሰዎች ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግን አፎቻ የሚባለው የሐረር መረዳጃ ማኅበርና ዕድራችን፣ ለለቅሶ እንደሚሰበሰብ፣ ለዚህም አንድ ሁለት ሰው ቢያሠለጥን ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

"ምነው ጌታ በወሰደኝ" ይላሉ። ልስጋ?

አንዳንዱ ጸሎት ነው፤ አንዳንዱ አደጋ ነው። የሚለየው በመጠየቅ ነው። "ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አዎን ካሉ፣ ኪኒን ካጠራቀሙ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካሉ፣ ዕቃቸውን ለሰው ማከፋፈል ከጀመሩ፣ ብቻቸውን አይተዋቸው። መድኃኒቱንና የተባይ መርዙን ይቆልፉ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

እኔስ? እኔም ደክሞኛል።

ይህን የሚጠይቁኝ መጨረሻ ላይ፣ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት፣ ወይም ምራት። ወንድሞቿ በስልክ ይመክራሉ።

ሁለት ቀን በሳምንት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሌላ ሰው ይቀመጥላቸው። ጎረቤት፣ የልጅ ልጅ፣ የዕድር ሰው። "ስትፈልጊ ጥሪኝ" ለሚልሽ ሰው ቀን ስጪው፤ ረቡዕ ከ8 እስከ 10 በይው። ስሙን አባትሽ በሚያዩት በዚያው ካላንደር ላይ ጻፊው።